ከዋት ቁጥሩ በስተጀርባ፦ ለጌም ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ጌም የልጆች ጨዋታ ነው ይባላል፤ ፓወር ሰፕላይም ከኮምፒውተሩ ኬዝ ጥግ የተሸጎጠ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የብረት ሣጥን ነው። ይሁን እንጂ ለጌም ተብሎ የሚገጣጠመው ኮምፒውተር ቀን ቀን የሥነ ሕንፃ ተማሪው ንድፉን የሚያወጣበት፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዋ ሞዴሏን የምታሠለጥንበት፣ የቪዲዮ ባለሙያው እንጀራውን የሚበላበት ማሽን ነው። ብዙ ጊዜም የሚገዛው በአንድ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። ይህን ሁሉ ከግድግዳው ሶኬት ጋር የሚያገናኘው ያ የብረት ሣጥን ነውና፣ ስለ እርሱ አንድ ሰዓት መነጋገር የሚበዛበት አይመስለኝም።

የነገሩን መጠን ለማየት ሁለት ቁጥሮችን እናነጻጽር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር 63.5 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነበረው። መላው ማሽን፣ ፕሮሰሰሩም፣ ማኅደረ ትውስታውም፣ የዲስክ አንባቢዎቹም በዚያ ይተዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤንቪዲያ ያወጣው አርቲኤክስ 5090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ግን ብቻውን 575 ዋት ይጠይቃል። አንድ ካርድ የዘጠኝ ጥንታዊ ኮምፒውተሮችን ፓወር ሰፕላይ ይጨርሳል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ገዢው ሁሉ «ስንት ዋት ነው?» ብሎ መጠየቅን ለምዷል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥር ቅድመ ሁኔታ ያለው ቃል ኪዳን ነው። ቅድመ ሁኔታውን ያላነበበ ሰው ቁጥሩን አነበበ አይባልም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ አራት ልከፋፍለው። ማሽኔ በእርግጥ የሚፈልገው ስንት ነው? የተጻፈው ቁጥር በየትኛው መስመርና በምን ሁኔታ የሚገኝ ነው? ነገር ሲበላሽ ሣጥኑ ምን ያደርጋል? ደግሞስ እኔ የምሰካበት ሶኬት ምን ዓይነት ነው?

ሣጥኑ የሚሠራው ሥራ

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት፣ የምሕንድስና ተማሪ ላልሆናችሁ፣ የሣጥኑን ሥራ ባጭሩ ልግለጽ። ከሶኬታችን የሚመጣው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። 220 የሚለው ቁጥር ውጤታማ እሴቱ ሲሆን፣ ሞገዱ በየዑደቱ ጫፍ 311 ቮልት ያህል ይደርሳል። ፓወር ሰፕላዩ በመጀመሪያ ይህን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ዘመናዊ ከሆነ ደግሞ ወደ 380 ወይም 400 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ በትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅመዋል። ቀጥሎም በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ያሳልፈዋል። ትራንስፎርመሩ እንዲህ ትንሽ ሊሆን የቻለው መቆራረጡ ፈጣን በመሆኑ ነው። በመጨረሻ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ሆኖ ይወጣል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባስተዋወቀው በኤቲኤክስ መለኪያ ቤተሰብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ደንብ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ እንዳይሆን ያዛል። በላዩ ላይ የሚታየው ጥቃቅን መርገብገብም ከ120 ሚሊ ቮልት እንዳይበልጥ ይወስናል። እንግዲህ ሣጥኑ የሚመዘነው ኃይል በማቅረቡ ብቻ አይደለም። ጭነቱ ሲጨምርም ሲቀንስም፣ ሶኬቱ ሲወላውልም ቮልቴጁን በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ ይዞ በመቆየቱ ጭምር ነው።

ማሽኔ የሚፈልገው ስንት ነው?

አንድ መካከለኛ ማሽን እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 5 7600፣ ካርዱ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4070 ይሁን። ፕሮሰሰሩ በስሙ የ65 ዋት ነው፤ ሆኖም የተፈቀደለት የኃይል ጣሪያ 88 ዋት ነው። ሒሳብ የሚሠራውም በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው። ካርዱ 200 ዋት ይወስዳል። ለማዘርቦርዱ፣ ለማኅደረ ትውስታው፣ ለዲስኮቹና ለማራገቢያዎቹ 60 ዋት ብናስብ፣ ድምሩ 348 ዋት ይሆናል።

ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ካርድ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። በሁለቱ መካከል ያለው የ300 ዋት ልዩነት ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት ጥንቃቄ ነው። ካርድ ሠሪው እናንተ የትኛውን ፕሮሰሰር እንደምትገጥሙ፣ የፓወር ሰፕላያችሁም ጥራት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ ለክፉው ሁኔታ ያስባል። ሁለተኛው ምክንያት ቅጽበታዊ ዝላይ ነው። 200 ዋት የተባለው አማካይ ነው፤ የጌሙ ትዕይንት በድንገት ሲለወጥ ካርዱ እጅግ አጭር ለሆነ ጊዜ ከዚህ ብዙ አልፎ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 ይህንኑ በማየት፣ ዘመናዊውን የካርድ ማገናኛ የያዙ ከፍተኛ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የስማቸውን ሁለት እጥፍ እንዲሸከሙ ደንግጓል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በአቅሙ ጫፍ ላይ የሚኖር ሣጥን ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ካፓሲተሮቹም ቶሎ ይደክማሉ።

እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ቀላል መመሪያ ድምሩን ከ1.3 እስከ 1.5 በሚደርስ ቁጥር ማባዛት ነው። 348 በ1.5 ሲባዛ 522 ይሆናል። ስለዚህ ጥራቱ የታወቀ 550 ዋት ለዚህ ማሽን ይበቃል፤ 650 ደግሞ ለነገ ማሻሻያ ቦታ ይተዋል። 1000 ዋት መግዛት ግን ለዚህ ማሽን ገንዘብን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው። በሌላው ጫፍ አርቲኤክስ 5090 ከኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ጋር ቢጣመር 575 እና 253፣ በተጨማሪም ለቀሪው 90 ስናስብ 918 ዋት ይሆናል። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 1000 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ በእኛ መመሪያ ግን 1200 ይሻላል። በተለይ ማሽኑ ሞዴል ሲያሠለጥን የሚያድር ከሆነ ልዩነቱ ትርጉም አለው። በጌም ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች አብረው ጫፍ የሚደርሱት አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በሥልጠና ጊዜ ካርዱ ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ላይ ይቆያል።

የተጻፈው ቁጥር በምን ሁኔታ ነው?

ሁለት ሣጥኖች በአእምሯችን እናስቀምጥ፤ ሁለቱም «600 ዋት» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ጎናቸው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ስናነብ፣ በአንደኛው የ12 ቮልቱ መስመር 49 አምፔር ይላል። 12 በ49 ሲባዛ 588 ዋት ነው፤ ከሞላ ጎደል መላው አቅሙ በዚህ መስመር ይገኛል። በሁለተኛው ግን የ12 ቮልቱ መስመር 30 አምፔር ብቻ ይላል፤ ይህም 360 ዋት ነው። ቀሪው 240 ዋት የተቆጠረው በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ነው። የዛሬው ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ኃይላቸውን በዋናነት የሚቀበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ 348 ዋት የሚፈልገው ማሽናችን ከሁለተኛው ሣጥን ጋር ሲገናኝ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጫፍ ላይ ይኖራል። ያ 240 ዋት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው፤ አለ ይባላል፣ አይታለብም።

ሌሎች ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችም አሉ። ቁጥሩ ያለማቋረጥ የሚገኝ ነው ወይስ ለቅጽበት ብቻ? ደግሞስ በስንት ዲግሪ ሙቀት? ጥሩ አምራች ሙሉ አቅሙን በ40 ወይም በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚሰጥ በግልጽ ይጽፋል። ዝም ያለው ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ለክቶት ሊሆን ይችላል። በጠባብ ኬዝ ውስጥ፣ ከሚግል ካርድ አጠገብ ያለው አየር ደግሞ ቀዝቃዛ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ 80 ፕላስ ምልክት መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ይህ ምስክርነት ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነምና ታይታኒየም እያለ ደረጃ ያወጣል። በ115 ቮልት በሚደረገው ፈተና ነሐሱ በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ላይ በቅደም ተከተል 82፣ 85 እና 82 በመቶ ብቃት ይጠየቃል፤ ወርቁ 87፣ 90 እና 87። ብቃት ማለት ከሶኬት ከተወሰደው ኃይል ምን ያህሉ ለኮምፒውተሩ ደረሰ ማለት ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ይህ በገንዘብ ምን ያህል ነው? 400 ዋት የሚወስድ ማሽን በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ፣ በ85 በመቶ ብቃት ከሶኬት 471 ዋት፣ በ90 በመቶ ደግሞ 444 ዋት ይስባል። ልዩነቱ 26 ዋት ገደማ ነው፤ በዓመት 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል። በቆጣሪ ላይ ብዙም አይታይም። ትልቁ ልዩነት በሙቀቱ ነው፦ በአንደኛው ሣጥን ውስጥ 71 ዋት ሙቀት ሲመረት በሌላው 44 ብቻ ይመረታል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ በየ10 ዲግሪ ጭማሪ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የታወቀ የሙያ ቀመር ነው። ስለዚህ የወርቁ ምልክት ዋጋ ያለው በተዘዋዋሪ ነው። ሆኖም ልብ በሉ፤ ምልክቱ የቮልቴጅ መርገብገብን፣ የመከላከያ ክፍሎችን፣ ዘላቂነትንም አይመሰክርም። የብቃት ምስክር ነው፤ የደኅንነት ምስክር አይደለም።

ነገር ሲበላሽ ምን ያደርጋል?

ጥሩ ፓወር ሰፕላይ የሚታወቀው በተበላሸ ቀን ነው። ቮልቴጁ ሲበዛ፣ ቮልቴጁ ሲያንስ፣ ከረንቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ጠቅላላው ጭነት ሲበዛ፣ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ሊኖረው ይገባል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህን ነው። መከላከያ አለ ተብሎ መጻፉ ግን አይበቃም፤ የሚነቃበት መጠንም ትክክል መሆን አለበት።

ለዚህ በአደባባይ የሚታወቅ ማስረጃ አለ። ጊጋባይት የሚያቀርባቸው ፒ750ጂኤም እና ፒ850ጂኤም የተባሉ ሞዴሎች በገለልተኛ መርማሪዎች የጭነት ፈተና ላይ እየፈነዱ መበላሸታቸው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ባወጣው መግለጫ፣ የጭነት መከላከያው ከስም አቅሙ ከ120 እስከ 150 በመቶ ባለው መጠን ላይ እንዲነቃ ተደርጎ እንደነበረ ገለጸ። ይህንንም ከ110 እስከ 120 በመቶ ዝቅ ማድረጉን፣ በተወሰኑ የመለያ ቁጥሮች ክልል ያሉትንም እንደሚለውጥ አስታወቀ። ሁለቱም ሞዴሎች የወርቅ ደረጃ ምልክት ያላቸው ነበሩ። ምልክቱ የተመሰከረለትን ነገር፣ ማለትም ብቃትን፣ በእውነት ይናገር ነበር፤ ገዢው ግን ያልተነገረውን ጭምር እንደተነገረ አድርጎ አንብቦት ይሆናል።

ከሣጥኑ የሚወጡት ገመዶችም የዚሁ ጉዳይ አካል ናቸው። የተለመደው ባለ ስምንት እግር የካርድ ማገናኛ 150 ዋት ያስተላልፋል። ከኤቲኤክስ 3.0 ጋር የመጣው ባለ 16 እግር ማገናኛ ግን እስከ 600 ዋት ይሸከማል። 600ን ለ12 ብናካፍል 50 አምፔር ነው፤ ለስድስቱ የኃይል እግሮች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 8.3 አምፔር ይደርሳል። በመገናኛ ነጥብ ላይ የሚፈጠር ሙቀት በከረንቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ አንዱ እግር በደንብ ሳይነካ ቀርቶ ሸክሙ ወደ ሌላው ቢዞር ሁለት እጥፍ ከረንት አራት እጥፍ ሙቀት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አንዳንድ የአርቲኤክስ 4090 ተጠቃሚዎች ማገናኛቸው ቀልጦ አገኙት፤ ኤንቪዲያም በብዛት ያየው ምክንያት ማገናኛው እስከ መጨረሻው አለመሰካቱ መሆኑን ገለጸ። በቀጣዩ ዓመት ማገናኛው ተሻሽሎ፣ በደንብ ካልገባ ኃይል እንዳይጠየቅበት የሚያደርጉት ትንንሽ እግሮች አጠር ተደረጉ። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው፦ ማገናኛው እስኪገባ ድረስ ይሰካ፤ ገመዱ ከራሱ አጠገብ አይታጠፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ገመዶቹ በሚነቃቀሉበት ፓወር ሰፕላይ ላይ የአንዱን ሣጥን ገመድ ለሌላው መጠቀም ክልክል ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በሣጥኑ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። 5 ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ 12 ቮልት ከደረሰው፣ በውስጡ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የምሰካበት ሶኬት ምን ዓይነት ነው?

እስካሁን የተናገርሁት በየትኛውም አገር ይሠራል። አራተኛው ጥያቄ ግን የእኛን ክፍሎች በቀጥታ ይመለከታል፤ መብራት የሚሄድበትና የሚመጣበት፣ በምሽት ጭነት ቮልቴጁ ዝቅ የሚልበት ሰፈር የምናውቀው ነውና።

ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጅ ሲቀንስበት ሥራውን አይቀንስም፤ የጎደለውን ለማካካስ ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ከሶኬት 500 ዋት የሚወስድ ማሽን በ220 ቮልት 2.3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በ180 ቮልት ግን 2.8 ገደማ። ሙቀት በከረንቱ ካሬ ያድጋል ብለናል፤ ስለዚህ በላላ ሶኬትና በቀጭን ዲቫይደር ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በግማሽ ያህል ይጨምራል። ለዚህ ነው በመለያው ላይ ከሚነበቡት ሁሉ ለእኛ ትልቁ መስመር የግቤት ቮልቴጁ የሆነው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚለው የቮልቴጅ መውረድን በሰፊው ይችላል። «ከ200 እስከ 240» ብቻ የሚለው ግን ቮልቴጁ ከ200 በታች ሲወርድ ሥራውን እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በተመሳሳይ ዋት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት የመጣ ፓወር ሰፕላይም በዚሁ መስመር ይመዘናል። ሙሉ ክልል ያለው ከሆነ የሶኬት ገመዱን መቀየር ብቻ ይበቃል። በጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ ያለው የቆየ ዓይነት ከሆነ ግን መጀመሪያ መቀያየሪያው ይታይ። በ115 ላይ እንዳለ 220 ላይ ከተሰካ፣ በውስጡ ያለው የማባዣ ዑደት ቮልቴጁን እጥፍ ስለሚያደርገው ካፓሲተሮቹ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ስለ መብራት መቋረጥ ደግሞ እንዲህ ነው። ሶኬቱ ከጠፋ በኋላ ሣጥኑ በካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ክምችት የሚቆየው፣ በሙሉ ጭነት፣ ወደ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የ50 ኸርዝ አንድ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ነውና፣ ክምችቱ አንድ ዑደት እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው። መጠባበቂያ ባትሪው፣ ማለትም ዩፒኤስ፣ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ይረከበዋል፤ የተለመዱት ዓይነቶች ለመረከብ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ይወስዳሉ። ነገር ግን 650 ቮልት-አምፔር ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከ400 ዋት በታች ነው። ቮልት-አምፔርና ዋት አንድ አይደሉም። በተጨማሪም ርካሾቹ ዩፒኤሶች የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ የተቆረጠ ነው። የኃይል ምጥነት ማስተካከያ ያላቸው ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዴ ይህን አይቀበሉም፤ ዩፒኤሱ በተረከበበት ቅጽበት ይጠፋሉ። አቅም ከፈቀደ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚያወጣ ይመረጥ፤ ካልፈቀደ ከመግዛት በፊት ሁለቱ አብረው በጭነት ይፈተኑ። ዩፒኤስ ሥራን ለማስቀመጥና በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ጌሙን ለመጨረስ አይደለም። መብራት ሲሄድ ደግሞ የማሽኑን ሶኬት መንቀል፣ ሲመጣም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ምንም የማያስወጣ መከላከያ ነው።

ብዙዎቻችሁ ኬዙን ስትነኩ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አጋጥሟችሁ ይሆናል። በአብዛኛው ይህ የሚሆነው የመሬት መስመር፣ ማለትም ግራውንድ፣ በሌለው ሶኬት ወይም ዲቫይደር ላይ ስትሰኩ ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ወደ መሬት ሊወስዱት የሚገባቸውን እጅግ ትንሽ ከረንት መሄጃ ስለሚያጡ፣ ኬዙ የሶኬቱን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ይዞ ይቆማል። ከረንቱ ትንሽ ቢሆንም መልእክቱ ትልቅ ነው፦ ነገ እውነተኛ ብልሽት ቢደርስ ከረንቱ በእናንተ በኩል ካልሆነ መውጫ የለውም። መፍትሔው አዲስ ፓወር ሰፕላይ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የመሬት መስመሩን ማስተካከል ነው። ማንም ደግሞ ሣጥኑን ራሱን አይክፈት፤ ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት አስጊ የሆነ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ገንዘቡ ሲያንስ

አሁን «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ገንዘቡስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፓወር ሰፕላይ የጌሙን ፍጥነት በአንዲት ምስል እንኳ አይጨምርም፤ ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። በኮምፒውተር ቤቶች የሚሰጡ የዋጋ ዝርዝሮችን ተመልከቱ። ፕሮሰሰሩ በስሙ፣ ካርዱ በስሙ ተጽፎ፣ በመጨረሻው መስመር «ፓወር ሰፕላይ 600 ዋት» ተብሎ ያለ ስም ይቀመጣል። ይህን ያለ ስም መቀበል «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሰኛል። በዚያ መስመር የሚቆጠበው ጥቂት ነው፤ ሣጥኑ ሲበላሽ ይዞት የሚሄደው ግን ከላይ በስማቸው የተጻፉትን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ካልበቃ ከካርዱ አንድ ደረጃ ውረዱ እንጂ ከፓወር ሰፕላዩ አትቀንሱ። ቀደም ሲል በወሰድነው ማሽን ላይ አርቲኤክስ 4070ን በ115 ዋቱ አርቲኤክስ 4060 ብንተካው፣ ድምሩ ወደ 263 ዋት ይወርዳል፤ በ1.5 ሲባዛ 395 ይሆናል። አሁን ጥሩ 450 ወይም 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ካርዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ያረጃል፤ ታዋቂ አምራቾች አምስት፣ ሰባት፣ አንዳንዶቹም አሥር ዓመት ዋስትና የሚሰጡበት ፓወር ሰፕላይ ግን ቀጣዩን ካርድ ለመቀበል ይተርፋል። በአንጻሩ ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ቢቀር ይሻላል። የካፓሲተር ድካም ከውጭ አይታይም፤ ማሽኑ መብራቱ መና መሥራቱም ስለ ሙሉ ጭነት ምንም አይናገርም።

ስትገዙ ይህን ቅደም ተከተል ያዙ። የፕሮሰሰሩንና የካርዱን የኃይል ጣሪያ ደምሩ፤ አባዙ። በሣጥኑ ጎን ያለውን ሠንጠረዥ አንብባችሁ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ። የግቤት ቮልቴጁን ክልል ተመልከቱ። የመከላከያዎቹን ዝርዝርና ሙሉ አቅሙ የሚገኝበትን ሙቀት ጠይቁ። ገለልተኛ መርማሪዎች ስለዚያው ሞዴል የለኩትን ፈልጉ፤ የአምራቹ ስም ብቻ አይበቃም፤ ያው ስም ያላቸው ሞዴሎች በጥራት ይለያያሉና። የ80 ፕላሱን ምልክት ከዚህ ሁሉ በኋላ እዩት።

የፋኩልቲያችን ተማሪዎች ነገ ከዚህ ግቢ ስትወጡ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ የጤና ጣቢያ የፀሐይ ኃይል ባትሪ፣ የፋብሪካ ጄኔሬተር ትመርጣላችሁ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሻጩም ገዢውም ስለዚያ ቁጥር ብቻ ሲነጋገሩ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ቮልቴጅ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ላይኖር ይችላል። ያንን ጥያቄ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ በራሳችሁ ገንዘብ፣ ከአሁኑ ተለማመዱት።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።